ሚሊግራም የሚለይ እጅ እና የሰው ሐቅ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለ ኬሚስትሪ የምርምር ቡድን ሰዎች ነው። «ኡስታዝ፣ ይሄ ከጁሙዓ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘው የሰው ሐቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እየጨረሱ ያሉ ወንድሞችና እህቶች በየጊዜው የሚልኩልኝ ጥያቄ አለ። ማን ይመስገን? የማን ስም ይግባ? አማካሪዬ አስገባ ያለኝን ስም ባላስገባስ? አንዲት እህት ደግሞ የሦስት ዓመት ልፋቷ በሌላ ሰው ስም ወጥቶ ማየቷን ጻፈችልኝ። ይህን «የአካዳሚ ጉዳይ ነው» ብለን የምናልፈው አይደለም። ነገ በቂያማ ቀን የሚጠየቁበት ጉዳይ ነው።

በቁርኣን ውስጥ የነቢዩላህ ሹዐይብን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። የመድየን ሰዎች ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሲሰፍሩና ሲመዝኑ ያጎድላሉ። ሹዐይብም ሚዛናቸውን እንዲያስተካክሉ አዘዟቸው። ግን በዚያ ብቻ አላበቁም። ሰዎችን ከሚገባቸው ነገር ምንም እንዳያጎድሉባቸውም አስጠነቀቋቸው። እዚያ ላይ የገባው የዐረብኛ ቃል ሰፊ ነው። እህልና ጨርቅ ላይ አይቆምም። የሰው የሆነው ሁሉ፣ ድካሙም፣ ክብሩም፣ ስሙም ይገባበታል።

አሁን ወደ ላብራቶሪ እንግባ። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ያንን በብርጭቆ ሳጥን የተዘጋ ረቂቅ ሚዛን ያውቀዋል። የአንድ ሚሊግራም አንድ አስረኛን ይለያል። በሩ ክፍት ከሆነ የትንፋሽ ነፋስ እንኳ ቁጥሩን ያወዛውዘዋል። ተማሪው ትንፋሹን ውጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቃል። ሱብሓነላህ! ለዱቄት ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የሰው ድርሻ ላይ ስንደርስ ለምን በዓይን ግምት እንሰፍራለን?

የምርምር ቡድን ማለት ማን ነው? ብዙ ሰው ፕሮፌሰሩ ብቻ ይመስለዋል። ገጠር ወርዶ ኪታብ የቀራ ሰው ግን በቀላሉ ይገባዋል። ሸኹ አንዴ ያቀራሉ። ከዚያ ትምህርቱን ለታናናሾቹ እስኪገባቸው የሚደጋግመው ትልቁ ደረሳ ነው። ውሃ የሚቀዳው ልጅ አለ። ለደረሶቹ እንጀራ የምትጋግረው የሰፈር እናት አለች። አንዳቸው ቢጎድሉ ደርሱ ይቆማል። ላብራቶሪም እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰሩ ጥያቄውን ያነሳል፣ ገንዘብ ፈልጎ ያመጣል። ዶክትሬቱን ጨርሶ ልምድ የሚቀስመው ተመራማሪ ትልቁ ደረሳ ነው፤ አዲሱን ተማሪ ኬሚካል እንዴት እንደሚጨመር እጁን ይዞ የሚያሳየው እሱ ነው። የዶክትሬት ተማሪው ሌሊት ሙከራው አጠገብ ያድራል። የማስተርስ ተማሪዋ ያልተሳካውን ለሃያኛ ጊዜ ትሞክራለች። ከእነሱ ጀርባ መሣሪያውን የሚጠግነው ቴክኒሺያን፣ ብርጭቆ በእሳት እያለዘበ የተሰበረውን ዕቃ ቀጥሎ የሚመልሰው ባለሙያ፣ የትኛው ጠርሙስ ከየትኛው አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት የሚያውቀው የስቶር ኃላፊ፣ ማታ ማታ ወለሉን የምትወለውለው እናት አሉ። (የስቶር ኃላፊን ያስቀየመ ተማሪ ምርምሩ ስንት ወር እንደሚዘገይ የቀመሰ ያውቀዋል፤ እሱን ለራሳችሁ ልተወው።)

በሙስሊሙ ዓለም በጣም የሚታወቀውን ኬሚስት እንውሰድ። አሕመድ ዘወይል ይባላሉ። በ1946 እ.ኤ.አ. በግብፅ ደመንሁር ተወለዱ፤ በአሌክሳንድሪያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ ከዚያ አሜሪካ ሄደው በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ካልቴክ በሚባለው፣ ቡድናቸውን አቋቋሙ። ሥራቸው የኬሚካል ትስስር ሲበጠስ በዚያችው ቅጽበት ማየት ነበር። ቅጽበቷ በፌምቶ ሰከንድ ትለካለች። አንድ ፌምቶ ሰከንድ ለአንድ ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደማለት ነው። አንድ የሌዘር ብልጭታ ሞለኪዩሉን ይሰብራል፣ ሁለተኛው ተከትሎ የተሰበረውን ያያል። በ1987 የአዮዲን ሳያናይድ ሞለኪዩል በ200 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ሲለያይ የታየበት ጽሑፍ ወጣ። በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ብቻቸውን ተሸለሙ። እኛም «ሙስሊም ሳይንቲስት» እያልን ፎቶአቸውን በየገጹ ለጠፍን፤ ደግ አደረግን።

ግን የ1987ቱን ጽሑፍ ርዕስ ሥር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ሦስት ስሞች አሉ። የመጀመሪያው ማርኮስ ዳንተስ ነው፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበር። ሁለተኛው ማርክ ሮስከር ነው። ዘወይል መጨረሻ ላይ ናቸው። በኬሚስትሪ ልማዱ እንደዚህ ነው። በእጁ የሠራው ፊት ይቀድማል፣ የቡድኑ መሪ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ለእኔ ይህ ልማድ በራሱ አደብ ነው፤ ሸኹ ደረሳውን ከፊቱ ያስቀድማል።

በቅርቡ፣ በ2025፣ የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ዑመር ያጊ ናቸው። ከፍልስጤም ስደተኛ ቤተሰብ አማን ውስጥ ተወልደው በ15 ዓመታቸው አሜሪካ የሄዱ ናቸው። ብረትንና የካርቦን ውሁዶችን አያይዘው በውስጡ ባዶ ክፍሎች ያሉት ጠጣር ነገር ሠሩ። አንደኛው ዓይነት፣ ሁለት ሦስት ግራም የማይሞላው፣ የውስጥ ገጹ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ይሰፋል። ቡድናቸው በዚህ ዓይነት ነገር ከአሪዞና በረሃ አየር ላይ ውሃ ሰብስቧል። ሌሊት እርጥበቱን ይይዛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቀዋል። ያ ሜዳ የሚያህለው ነገር የተነገረበት የ1999 ጽሑፍ ግን አራት ስሞች አሉት። ሃይሊያን ሊ ይቀድማል፤ ሞሮኳዊው ሙሐመድ ኤዳውዲ ይከተላል፤ ከዚያ ማይክል ኦኪፍ፣ ከዚያ ያጊ። የኖቤል ደንብ አንድን ሽልማት ከሦስት ሰው በላይ እንዲካፈለው አይፈቅድም። በሩ ጠባብ ነው። የእኛ ዱዓና ምስጋና ግን እንደዚያ በር መጥበብ የለበትም።

ይህን ነገር ከማንም በላይ ሊረዱት የሚገባቸው የሐዲስ ሰዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ኢስናድ ምንድን ነው? «እገሌ ነገረኝ፣ እሱም ከእገሌ ሰማ» እያልን እስከ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የምንደርስበት ሰንሰለት ነው። ዑለማዎቻችን በሰንሰለቱ መሐል «አንድ ሰውዬ» ተብሎ ስሙ ያልተጠራ ሰው ካለ ሙብሀም ይሉታል፤ ማንነቱ እስኪታወቅ ሐዲሱ ይደክማል። ከዚህ የባሰም አለ፤ ተድሊስ ይባላል። ዘጋቢው መሐል ያለውን ሰው ደብቆ፣ በቀጥታ ከታላቁ ሸኽ የሰማ አስመስሎ ያወራል። ሹዕባ ኢብኑል ሐጃጅን የመሰሉ ኢማሞች ይህን አጥብቀው ይጠሉት ነበር። እንግዲህ እስቲ አስቡት። ተማሪዋ አምስት ወር ያደረችበትን ውጤት አማካሪው ጉባኤ ላይ ቆሞ «አገኘሁ» ካለ፣ ይሄ የላብራቶሪ ተድሊስ ካልሆነ ምን ይባላል? አላህ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ባልሠሩት ሥራ መመስገንን የሚወዱ ሰዎችን ከቅጣት የሚያመልጡ እንዳይመስሏችሁ ብሎ አስጠንቅቋል። አንቀጹ ለወረደበት ጉዳይ ሰበብ አለው፤ ትርጉሙ ግን በዚያ አይታጠርም።

ሚዛን ግን ሁለት በኩል አለው። ማጉደል እንዳለ ሁሉ ያለ አግባብ መሙላትም አለ። አንድ ወንድም «የክፍሉ ኃላፊ ምንም አልሠራም፤ ግን ስሙን እንዳስገባ ይጠበቃል፣ ካላስገባሁ ይከፋዋል» ብሎ ጠየቀኝ። ያልኩት ይሄን ነው። ጽሑፍ ላይ ስም ማስፈር ምስክርነት ነው። «ይህ ሰው ሠርቷል» ብለህ ለማያውቅህ አንባቢ ትመሰክራለህ። ያልሠራውን ሠራ ማለት ሐሰት ነው፤ ደግሞም ከሠሩት ሰዎች ድርሻ የሚቆረስ ነው። ላብራቶሪ ቁልፍ ስለሰጠህ፣ ደብዳቤ ስለጻፈልህ ካመሰገንከው በምስጋናው ገጽ ላይ በትክክል በሠራው ልክ አመስግነው፤ እሱ ሐቁ ነው። ችግሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ተማሪ ደካማ ነው፣ ፊርማው በሰውዬው እጅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ኃላፊነት በጉልበተኛው ላይ ነው። ኃላፊ ሆነህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ተማሪህ ከመጠየቁ በፊት «የኔን ስም አውጣ» በለው። ቀላል ዓረፍተ ነገር ናት። ልጁን ግን ከስንት ሌሊት ጭንቀት ትገላግለዋለች።

ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ ልመለስ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ የምትጠርግ ጥቁር ሴት ነበረች። አንዳንድ ዑለማዎች ኡሙ ሚሕጀን ትባል ነበር ይላሉ። ሌሊት ሞተች፤ ሶሐባዎች ጉዳዩን እንደ ቀላል አይተው ለረሱል ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ረሱል አጧትና ጠየቁ። መሞቷን ሲሰሙ ለምን አልነገራችሁኝም አሉ፤ መቃብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። ልብ በሉ፤ ከዚያ ሁሉ ሥራ መሐል የጠራጊዋ አለመኖር ታያቸው። በላብራቶሪ ውስጥ ይህች ሴት ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። የተሰበረ ብርጭቆ ባልተለየ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል እጇ የሚቆረጠው እሷ ናት። ምን እንደፈሰሰ ሳይነገራት በመወልወያ የምትነካው እሷ ናት። ስሟን የሚያውቅ ስንት አለ?

እዚህ ላይ ማመስገን ከአንደበት በላይ ይሆናል። በዲሴምበር 29 ቀን 2008 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የ23 ዓመት ወጣት የምርምር ረዳት ከአየር ጋር ሲገናኝ ወዲያው የሚቀጣጠል ኬሚካል በሲሪንጅ ስትቀዳ እሳት ተነሳ። ጋዋን አልለበሰችም። የለበሰችው ሹራብ ተቀጣጠለ። ከ18 ቀን በኋላ አረፈች። ቡድኑን ከጀመረች ገና ጥቂት ወራት ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በኬሚስትሪ ዓለም ብዙ ደንብ አስለወጠ። እኔ የማስበው ግን ስለ ወላጆቿ ነው። ሰው ልጁን ወደ ትምህርት ሲልክ አማና አስረክቧል። አንድ አማካሪ ተማሪዎቹን «ቤተሰቦቼ» እያለ በየመድረኩ ቢያወድሳቸውና ጋዋን መልበሳቸውን፣ የዓይን መከላከያ ማድረጋቸውን፣ ሌሊት ብቻቸውን አደገኛ ሥራ አለመሥራታቸውን ካላየ፣ ውዳሴው ምን ይጠቅማቸዋል? ሰው ትወዳለህ እንጂ እጁን ትወዳለህ አልተባልክም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን ማመስገንንና አላህን ማመስገንን አያይዘው አስተምረውናል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። መልካም የዋለልንን እንድንክስ፣ መካስ ካቃተን ደግሞ የካስነው እስኪመስለን ዱዓ እንድናደርግለትም ነግረውናል። ስለዚህ ይህን ሳምንት ጽሑፋችሁን የምታስረክቡ ተማሪዎች፣ የምስጋናውን ገጽ በመጨረሻው ሌሊት ከጓደኛችሁ ጽሑፍ ላይ አትቅዱት። ማስታወሻ ደብተራችሁን ከመጀመሪያው ገጽ ግለጡ። ያ መሣሪያ ተበላሽቶ ቅዳሜ መጥቶ የጠገነላችሁ ማን ነበር? ያ ኬሚካል ሲያልቅ ከራሱ ያበደራችሁ የሌላ ቡድን ልጅስ? ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አትለዩ፤ ሐቅ ሐቅ ነው። ስሙን ጻፉ፣ የሠራውን ጻፉ። ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና ገጹን አሳዩት።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት እጃችሁን ስታነሱ እነዚህን ሰዎች በስማቸው አስቧቸው። ያ አላህ፣ በየላብራቶሪው በእሳትና በመርዝ መሐል የሚሠሩትን ጠብቃቸው። ድካማቸው የተነጠቀባቸውን ካሳቸው። በእጃችን የሌላ ሰው ሐቅ ካለ ሳንሞት እንድንመልስ ልብ ስጠን። አሚን።