የአንድ ቀን እንግዳ

እስቲ ለጥቂት ጊዜ በሐሳብ አብረን እንጓዝ። በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በምትጓዝ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ተሳፍራችኋል እንበል። መርከቧ ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ማለዳ ላይ በቱኒዚያ ላ ጉሌት ወደብ ትቆማለች። ላ ጉሌት የዋና ከተማዋ የቱኒስ የባሕር በር ናት። ከመርከቧ ስትወርዱ አውቶቡሶች ተደርድረው ይጠብቋችኋል፤ አስጎብኚው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ከፍ አድርጎ ይዞ ይሰበስባችኋል። መርከቧ ማምሻውን ስለምትነሣ ሁሉም ነገር በሰዓት የተለካ ነው። ለካርቴጅ ፍርስራሽ ጥቂት ጊዜ፣ ነጭ ግድግዳና ሰማያዊ በር ላላት ለሲዲ ቡ ሰዒድ ጥቂት ጊዜ፣ ለአሮጌው ከተማ ገበያ ጥቂት ጊዜ። ከዚያ ተመልሶ እራት በመርከብ።

በእራት ሰዓት አንድ ሰው «የት ዋላችሁ?» ቢላችሁ፣ «ቱኒስን ስንጎበኝ» ትላላችሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በእርግጥ ጎብኝታችኋልን?

«መጎብኘት» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው አገር ዞሮ ማየት ነው። ሁለተኛው ሰውን በችግሩ ሰዓት ሄዶ ማየት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ፣ በናይን የባልቴቲቱ ልጅ ከሞት ሲነሣ ያዩ ሰዎች እግዚአብሔር ሕዝቡን እንደ ጎበኘ ተናገሩ። ስለዚህ ያው ቃል ካሜራ አንግቶ ለሚዞረው መንገደኛም፣ ለሚያድነው አምላክም ይውላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን እጅግ ሰፊ ነው።

ወደ ገበያው እንመለስ። አንድ ሽማግሌ ከወይራ እንጨት የተጠረበ ሳህን ይሸጣሉ። ዋጋ መከራከር ኃጢአት ነው አልልም። በዚያ ገበያ ክርክሩ ራሱ እንደ ሰላምታ ነው፤ ሻጭ ከፍ ያደርጋል፣ ገዢ ዝቅ ያደርጋል፣ መካከል ላይ ተሳስቀው ይገናኛሉ። ነገር ግን ለሽርሽሩ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ከሽማግሌው ላይ የመጨረሻዋን ዲናር አስቀንሶ፣ ማታ በእራት ገበታ እንደ ድል ሲያወራው ምን እንበል? ሌላውስ «ሻጮቹ አስቸገሩን፣ የዚህ አገር ሰው ሁሉ አጭበርባሪ ነው» ብሎ፣ 12 ሚሊዮን ገደማ በሚሆን ሕዝብ ላይ ከአንድ መንገድ ተነሥቶ ሲፈርድ? እግሩ ቱኒስን ረግጧል፤ ልቡ ግን ከመርከቧ አልወረደም።

«እንግዲያስ አለመሄድ ይሻላል» የሚል ይኖራል። እኔ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2015 የታጠቁ ሰዎች በቱኒስ የባርዶ ሙዚየም ገብተው ከ20 በላይ ሰዎች ገደሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በዚያው ቀን ከመርከብ የወረዱ መንገደኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ትልልቅ የመርከብ ኩባንያዎች ቱኒስን ከጉዞ መስመራቸው አወጡ። ጥፋቱ የጥቂቶች ሆኖ ሳለ፣ ጉዳቱ የታክሲ ነጂውንም፣ የአስጎብኚውንም፣ የጃስሚን አበባ ሻጩንም ቤት አንኳኳ። እንግዳ ሲቀርም ሰው ይጎዳልና መቅረት ብቻውን ጽድቅ አይሆንም።

«ታዲያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱን አስጎብኚው በሚያሳያችሁ በካርቴጅ ምድር ላይ ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ203 ፐርፔቱዋ የተባለች የ22 ዓመት ገደማ ወጣት እናት በክርስቶስ በማመኗ በዚህች ከተማ ታስራ ነበር። ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበራት። በወህኒው ጨለማና ሙቀት፣ በልጇም ሐሳብ ተጨንቃ ሳለች ሁለት ዲያቆናት ገንዘብ ከፍለው፣ እርሷና አብረዋት የታሰሩት ለጥቂት ሰዓት ወደ ተሻለ የወህኒ ክፍል እንዲወጡ አደረጉ። በዚያም በረሃብ የደከመውን ልጇን አጠባች። ይህን የምናውቀው እርሷ ራሷ በወህኒ ከጻፈችው ማስታወሻ ነው። ዲያቆናቱ ከሞት ሊያድኗት አልቻሉም። መስጠት የቻሉት ጥቂት ሰዓት ነበር፤ እርሷ ግን ያቺን ጥቂት ሰዓት አልረሳችም።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ በዚያችው ከተማ ቸነፈር ገባ። ሰው ከገዛ ዘመዱ በሚሸሽበት ወቅት ጳጳሱ ሳይፕሪያን ምእመናኑ የሚጠሏቸውን ሰዎች ጭምር እንዲረዱ አስተማረ። መጎብኘት ማለት ለእነርሱ ይህ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስም በመርከብ ተጓዥ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 እንደሚነግረን መርከቡ ጭነቱን በጢሮስ ሊያራግፍ ቆመ። ጳውሎስና ጓደኞቹ በዚያ ያሉትን ደቀ መዛሙርት ፈልገው አገኙ፤ ሰባት ቀንም ተቀመጡ። ሲለያዩ ወንዶቹ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው እስከ ባሕሩ ዳር ሸኟቸው፤ በዚያም አብረው ተንበርክከው ጸለዩ። በሚቀጥለው ወደብ የቆዩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንንም ቀን የዋሉት ከወንድሞች ጋር ነው። እንግዲህ ችግሩ የጊዜው ማጠር አይደለም። ከመርከብ ስንወርድ ማንን እንፈልጋለን? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

«እኛ የመዝናኛ መርከብ የት አግኝተን!» ብላችሁ ሳትስቁ አልቀራችሁም። ነገር ግን የወጣት ኅብረታችሁ ለአንድ ቀን አገልግሎት ወደ አረጋውያን መርጃ ወይም ወደ አንድ ገጠር የሄደበትን ቀን አስታውሱ። አውቶቡስ ነበረ፤ ተመሳሳይ ቲሸርት ነበረ፤ ብዙ ፎቶ ነበረ፤ በሰዓት መመለስም ነበረ። ከዚያ ቀን የአንድ እናት ስም ታስታውሳላችሁ? ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት «ይፈቅዱልናል?» ብላችኋል? ከመስጠታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ሰምታችኋል? እኔም ይህን ስጠይቅ ራሴን እየወቀስሁ ነው።

ጌታችን በናይን በር ላይ ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። በዚያች ከተማ ስንት ቀን እንደቆየ አልተጻፈልንም። የተጻፈልን ባልቴቲቱን እንዳያት፣ እንዳዘነላት፣ ቀርቦም ቃሬዛውን እንደነካ ነው። ከሬሳ ጋር ከሚሄደው ብዙ ሕዝብ መካከል አንዲትን እናት አየ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጉዞአችሁ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ የአንድ ሰው ስም ይዛችሁ ለመመለስ አስቡ። ስሙን ከያዛችሁም በኋላ በጸሎታችሁ አስታውሱት። የጎበኘን ጌታ እኛንም ሰውን የምናይበት ዓይን ይስጠን።