መሐሉን ሳታነብ ገንዘብ አትቁጠር

ልጄ፣ ሸክላ መሰብሰብ መጀመርህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ቲቶ ፑዬንቴን፣ ጆኒ ፓቼኮን፣ ኤዲ ፓልሚዬሪን ፍለጋ ቅዳሜና እሑድ ካርቶን ስትበረብር እንደምትውልም ነግረውኛል። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና የሚጠጡት አንዳንድ ሰዎች «የሐበሻ ልጅ ከላቲን ሸክላ ጋር ምን አገናኘው?» ቢሉህ ቅር አይበልህ። አዲስ አበባ ለዚህ ሙዚቃ ባዳ አልነበረችም። ነርሲስ ናልባንዲያን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች ሲመራ፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መድረኩን ሲያደምቁት፣ ማምቦና ቻቻቻ የጨፈረው ሰው ብዙ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም ቢሆን ዛሬ ዓለም ወደሚያውቀው ኢትዮ ጃዝ ጉዞውን የጀመረው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ከፖርቶ ሪኮ ልጆች ጋር ተቀምጦ የኮንጋውን ምት ከእኛ ቅኝት ጋር ሲያዋሕድ ነው። የያዝከው ነገር የቤትህም ነው።

የምመክርህ ግን ስለ አገዛዝህ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። ከፍለህ ቤትህ ከገባህ በኋላ «ጋሼ፣ ይሄ የመጀመሪያው ህትመት ነው ወይስ ኋላ የወጣ?» ብለህ ብትደውልልኝ፣ ከማዘን በቀር የምጨምርልህ ነገር የለም። መልሱ በእጅህ ላይ ነበር፤ ሸክላው ራሱ ይናገራል፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የራሳችንን ሰው ሥራ እንውሰድ። የሙላቱ «አፍሮ ላቲን ሶል» ሁለቱ ቅጾች በ1966 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው ናቸው) ጊል ስናፐር በሚመራው ዎርዚ ሬከርድስ በኩል ኒው ዮርክ ውስጥ ወጡ። «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» የሚለውን የፉከራ ዜማ በስፓኒሽ ተዘፍኖ የምትሰማው እዚያ ላይ ነው። በ1972 ያው ኩባንያ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን አወጣ። ከዚያ ብዙ ዓመት ዝም ተባለ። በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲጀምር፣ በ2005 ደግሞ የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱን ዜማ ይዞ በየአገሩ ሲታይ፣ የዎርዚ ሸክላ ፈላጊው በዛ። ሙላቱ በ2009 እዚሁ ሎስ አንጀለስ መጥቶ ከኦርኬስትራ ጋር ሲጫወት ደግሞ የከተማችን ሸክላ ወዳጆች ሁሉ ስሙን ያዙ። የመጀመሪያው ህትመት ዋጋ በመቶ ዶላሮች መቆጠር ጀመረ። ስትራት የተባለው ኩባንያ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን በ2017፣ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን በ2018 እንደገና አሳተመ። በገበያ ላይ አንድ ዓይነት ሽፋን ያላቸው ሁለት ሸክላዎች የሚያጋጥሙህ በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረ፣ ሌላው ትናንት የታተመ።

እንዴት ትለያቸዋለህ? ሽፋኑን ለጊዜው ተወው፤ ሸክላውን አውጣ። ጥቁሩን ፊት ጣትህ እንዳይነካው ጠርዙን በሁለት መዳፍህ መሐል ያዝ። ወደ መስኮት ዞር በልና ብርሃን በአግድም እንዲያርፍበት ዘንበል አድርገው። የመጨረሻው ዘፈን አልቆ መርፌው ወደ መሐል የሚንሸራተትበት፣ ከወረቀቱ በፊት ያለው ባዶ ቀለበት አለ አይደል? እዚያ ላይ የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥርና ፊደል ታያለህ። ቅርጹን የቀረጸው ባለሙያና ያተመው ፋብሪካ የሚተዉት ምልክት ነው። የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ወላዋይነቱ ያስታውቃል፤ በማኅተም የተመታ ከሆነ ፊደሉ እኩል ነው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ የነበረው የሞናርክ ፋብሪካ በክብ ውስጥ «ኤም አር» የሚሉ ሁለት ፊደላት ይመታ ነበር፤ ከጎኑም ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ተራ ቁጥር ይጫራል። በዚህ ከተማ ገበያ ያንን ምልክት ደጋግመህ ታገኘዋለህ። የቁጥሩን ቅደም ተከተል የተማሩ ሰብሳቢዎች ሸክላው የታተመበትን ወቅት ይገምቱበታል። ቀለበቱን ፎቶ አንሳና ከታወቀ ኦሪጅናል ጋር አስተያይ። ሻጩ ቸኩሎ «ውሰደው፣ ሌላ ገዢ አለኝ» ቢልህ አስቀምጠውና ሂድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ቀጥሎ የመሐሉን ወረቀት አንብብ። በክብ ውስጥ የተጻፈች «ፒ» የምትባለዋን የላቲን ፊደል ፈልግ። የድምፅ ቅጂ መብት ምልክት ናት፤ በአሜሪካ ሸክላዎች ላይ የተለመደችው ከ1971 ዓለም አቀፍ ስምምነትና በ1972 ሥራ ላይ ከዋለው የአሜሪካ ሕግ በኋላ ነው። በ1966 አሜሪካ ውስጥ ታተመ በሚባል ሸክላ ላይ ካየሃት፣ ያ ሸክላ የ1966 ልጅ አይደለም። አድራሻውንም አትለፈው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት አምስት አኃዝ ያለውን ቁጥር የጀመረው በጁላይ 1963 ነው። ከዚያ በፊት «ኒው ዮርክ 19» እንደሚባለው ከከተማው ስም ኋላ አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ብቻ ነበር። የ1958 ነው የሚሉህ የማምቦ ሸክላ ሽፋኑ ላይ አምስት አኃዝ ካለው፣ ሽፋኑ ዕድሜውን ዋሽቷል። በቀጫጭን መስመሮች የተሠራ የዋጋ ባርኮድ ካየህበት ደግሞ ክርክር አያስፈልግህም። ያ በሸክላ ሽፋን ላይ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው።

የቲቶ ፑዬንቴን «ዳንስ ማኒያ» ትፈልጋለህ አሉ፤ ጥሩ ምርጫ ነው። በ1958 በአርሲኤ ቪክተር የወጣ ነው። የዚያን ዘመን የአርሲኤ ወረቀት ጥቁር ነው፤ ከላዩ ግራሞፎን የሚያዳምጠው ውሻ በቀለም ተስሎበታል። በ1968 መጨረሻ አካባቢ ኩባንያው ወረቀቱን ብርቱካናማ አደረገውና ውሻውን አነሳው፤ በ1976 ደግሞ መለሰው። በብርቱካናማ ወረቀት የመጣልህ ዳንስ ማኒያ ሙዚቃው ያው ነው፣ ዕድሜው ግን አይደለም። በሞኖ የተቀዳውን ሥራ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ወደ ስቴሪዮ ለወጥነው የሚል ጽሑፍ ያለበት ካጋጠመህ ደግሞ፣ በእኔ ጆሮ ድምፁም የተጎዳ ነው፤ ለሙዚቃው ብለህም ቢሆን አልመክርህም። ቲኮና አሌግሬ የተባሉት የላቲን ሙዚቃ ኩባንያዎች ያወጧቸውን ሥራዎች ስትይዝ ደግሞ ፋኒያ የተባለውን ኩባንያ ስም ፈልግ። ፓቼኮና ጄሪ ማሱቺ ፋኒያን ያቋቋሙት በ1964 ነው፤ ሁለቱን ኩባንያዎች የጠቀለሏቸው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ብዙውን ጊዜ የአዲሱን ባለቤት ስም ይዞ ይመጣል።

ሽፋኑ የመጨረሻው ምስክር ነው። ከድሮ ሽፋን ላይ ተገልብጦ የተሠራ ቅጂ ሲሆን የፎቶው ዓይንና የፊደሉ ጠርዝ ደብዘዝ ይላል። አንዳንዴም የአሮጌው ሽፋን ጭረት አብሮ ታትሞ ይገኛል፤ ጣትህን ስታሳልፍበት ለስላሳ ነው፣ ለዓይንህ ግን የተቧጨረ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ስታይ ወደ ቦታው መልሰው።

አሁን ወደ አገራችን ሸክላዎች ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው በ1969 ይህን ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን ከፈተ፤ በዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ጀመረ። አገር ቤት ማተሚያ ስላልነበረ በመጀመሪያ ህንድ፣ ኋላም ሊባኖስ እያሳተመ ያስገባ ነበር። ቀጥሎ ዓሊ ታንጎ የምንለው ዓሊ አብደላ ካይፋ ተነሳ፤ የማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» በ1975፣ የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» በ1977 ያወጣው እሱ ነው። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላ ቆመ። ይህን ዘመን በልብህ ያዝ፤ ብዙ ውሸት ያጋልጥልሃልና። ባለፈው አንድ ነጋዴ የዋልያስ ባንዱን የኪቦርድ ተጫዋች የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» በሸክላ ይዞ «የ1985 ኦሪጅናል ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ልጄ፣ የዚያ ሥራ ኦሪጅናል ካሴት ነው። በሸክላ ያለው ሁሉ ከ2013 ወዲህ የታተመ ነው፤ የእሱው «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ1978 የወጣው በካሴት ነው። ሰውየው ሳያውቅ ቢሆንም፣ አውቆ ቢሆንም፣ አንተ ካወቅህ አትጎዳም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ ገንዘብህ ከኪስህ ከመውጣቱ በፊት ቢጠራልህ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ስልህ ድጋሚ ህትመትን እንድትንቅ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ያለው ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ ፈልጎ አግኝቶት፣ ተስማምቶ ሥራውን እንደገና ሲያወጣለት ወደ መድረክ ተመለሰ። እንዲህ ያለው ድጋሚ ህትመት የተባረከ ነው፤ አዲሱን በአዲስነቱ፣ በዋጋው ግዛ። የምጠላው ባለሙያው ሳይጠየቅ፣ ሳንቲም ሳይደርሰው ተገልብጦ የሚቸበቸበውን ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 አርፈዋል፤ የቀረልን በዚያች የመሐል ወረቀት ላይ ያለው ስማቸው ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ስትለይ የእነሱን ድካም ነው የምትጠብቀው፤ የአንተ ትርፍ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ አስጠነቅቅሃለሁ። ፌርፋክስ ላይ ያለው ሰፈራችን በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ሲሰየም አብረውን የነበሩ ብዙዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ አንዳንዶቹም የሉም። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይዘዋቸው የወጡ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በየጋራዡ ተቀምጠዋል። ልጆቻቸው ቤት ሲያጸዱ ከአሮጌ ጫማ ጋር በአንድ ካርቶን አውጥተው ያስቀምጧቸዋል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። አንተ አትላስ። አንዲት እናት «ውሰድልኝ፣ ቦታ ያዘብኝ» ብላ የአምሃን ሸክላዎች በአምስት ዶላር ብትሰጥህ፣ የምታውቀውን ዋጋ ንገራት፤ ከዚያ በኋላ መስጠት ከፈለገች በደስታ ተቀበል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚሉ ሰዎች ገበያው ውስጥ አሉ። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም፤ የሸክላ ገበያ መከታተል ሥራዋ ስላልሆነ ብቻ ነው። የምስራቅ ሎስ አንጀለስ አዛውንትም የቲኮ ሸክላውን ሲሸጥልህ እንደዚሁ ነው።

ስለ አያያዙ ብዙ አልልም። በዚህ ከተማ ፀሐይ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ይጣመማል፤ ገዝተህ ወደ ሌላ ሱቅ አትዙር፣ ወደ ቤት ግባ። አጋድመህ አትደርድር፣ አቁመህ አስቀምጥ። ባለ 78 ዙር አሮጌ ሸክላ ካገኘህ ደግሞ በአልኮል እንዳታጥበው፤ የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። የድሮው ዘፋኝ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄዶ የተቀረጸው በዚያ ዓይነት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር እጅህ ቢገባ ምንም ሳትነካው መጀመሪያ ደውልልኝ።

ደብተር ግዛ። ለእያንዳንዱ ሸክላ አንድ ገጽ ስጥ፦ ባዶው ቀለበት ላይ ያለውን ምልክት፣ የወረቀቱን ቀለም፣ ከማን እንደገዛኸው፣ ሻጩ ከየት እንዳገኘው። የአገራችን ሸክላዎች ላይ የዘፋኙ ስም አለ፤ ሣክስፎን የነፋው፣ ከበሮ የመታው ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። በዚያን ዘመን የምሽት ክበቦች ውስጥ የሠሩ፣ ድምፁን ሰምተው «ይሄ እገሌ ነው» የሚሉ ሰዎች እዚህ ሰፈር አሁንም አሉ። ደብተርህንና ማጫወቻህን ይዘህ ና፤ አስተዋውቅሃለሁ። ጠዋት ጠዋት ነው የሚመቻቸው፣ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል።