የመንገድ ዋጋ

እህል ያለው ጨው ይሻል፤ ጨው ያለው እህል ይሻል። ሁለቱ እንዲገናኙ በመካከላቸው መንገድ መኖሩ ግድ ነው። ስለዚህ መንገድን የሥልጣኔ መጀመሪያ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ዳሩ ግን መንገድ በአየር ላይ አይዘረጋም፤ የሚዘረጋው በመሬት ላይ ነው፤ መሬቱም ከመንገዱ አስቀድሞ ሰው ያረሰው፣ ሰው ጎጆ የቀለሰበት፣ ሰው የተቀበረበት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ለብዙዎች ጥቅም ሲባል የጥቂቶችን ኑሮ ማናጋት የተገባ ነውን? የተገባ ከሆነስ በምን ሚዛን?

ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከመመዘን በቅርብ የምናየውን ብንመለከት ይሻላል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባል ስፍራ አለ፤ ትርጓሜው በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሥራው በ2002 ዓ.ም. ተጀምሮ መንገዱ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ተመረቀ። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት፣ በድምሩ ስድስት መሥመር ያለው፤ መጋጠሚያዎቹን ጨምሮ ርዝመቱ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ በአገራችን በዐይነቱ የመጀመሪያው ነው። ከወጪው የሚበልጠው እጅ የተገኘው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር ነው፤ የቀረውን መንግሥት ሸፍኗል።

አቃቂ ለእንዲህ ያለ ነገር እንግዳ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በዚሁ በኩል አልፏል። የመኪናውም መንገድ፣ ፋብሪካውም፣ መጋዘኑም ቀስ በቀስ ተከትሎ መጥቷል። ይሁን እንጂ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ቦታውን የለቀቀለት አንድ ነባር ነገር እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

የአካባቢው መሬት በብዛት መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መንገድ ሠሪ መረሬ ሲያጋጥመው ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ ይተካዋል፤ በእርሱ ዐይን መረሬ መጥፎ አፈር ነው። ገበሬው ግን ጤፉንና ሽምብራውን የሚያፍሰው ከዚሁ መረሬ ነው፤ በእርሱ ዐይን ከዚህ የሚበልጥ አፈር የለም። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አንዱ አፈር በሁለት ሰዎች ዘንድ ሁለት ዋጋ አለው። ዐቅድ አውጪው የራሱን ዋጋ ብቻ አይቶ የሌላውን የረሳ እንደ ሆነ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች፣ ማንም ሰው ሳይወድ ከቦታው ሊነሣ አይገባም ይሉ ይሆናል። ይህ አነጋገር ርኅራኄ ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ሌላ ጭካኔ ያመጣል። የነባሩ የአዳማ መንገድ ጠባብነት ያስከተለውን መከራ በዚያ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። የጅቡቲው ከባድ መኪና፣ አውቶቡሱ፣ ጋሪውና እግረኛው በአንድ ጠባብ ጎዳና ሲጋፉ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። በምጥ የተያዘች ሴት ሐኪም ቤት ሳትደርስ ብትቀር፣ የሞጆ ሽንኩርት በመንገድ ላይ ቢበሰብስ፣ ይህም ጉዳት ነው፤ ተጎጂውም ሰው ነው። እንግዲህ መንገድን መከልከል ከበደል ነጻ አያወጣም፤ በደሉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ።

በሌላው ወገን ደግሞ፣ ብዙዎች እስከ ተጠቀሙ ድረስ ጥቂቶች ቢጎዱ ምን አለበት የሚሉ አሉ። ይህ ከፊተኛው ይልቅ የሚያሰጋ ነው፤ ምክንያቱም «ጥቂቶቹ» ብዙ ጊዜ ደኻና ድምፅ የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው ሕግ ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች ሲሠሩ፣ በሴንት ፖል ከተማ ሮንዶ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ለሁለት ተሰንጥቆ ፈረሰ። የከተማው ከንቲባ በአደባባይ ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ይቅርታው የተገባ ነበር፤ ነገር ግን ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ከሰፈሩ አዛውንቶች ስንቱ ሊሰማው በሕይወት ቆይቷል?

እንግዲህ ትክክለኛው ሚዛን በሁለቱ መካከል ነው። ሕጋችንም ይህንኑ ይፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ያዛል። «በቅድሚያ» የምትለው ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ የነገሩ ፍሬ ግን በእርስዋ ውስጥ ነው። አስቀድሞ የተከፈለ ካሳ ዕዳን መክፈል ነው፤ ዘግይቶ የሚሰጥ ካሳ ግን ተቀባዩን ደጅ ጠኚ ያደርገዋል። «ሰጠናቸው» የሚል ባለሥልጣን ተሳስቷል፤ «ከፈልናቸው» ሊል ይገባል። የሚሰጥ ሰው ምስጋና ይጠብቃል፤ ዕዳ የሚከፍል ግን ምስጋና አይጠብቅም።

መንገዱ ሲቀየስ ይሠራበት የነበረው የ1997 ዓ.ም. አዋጅ፣ መሬቱን ለዘለቄታው ለለቀቀ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ሕጉ መሻሻሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መሻሻሉ ራሱ የቀድሞው ልክ አንሶ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በመጀመሪያ መሬቱን የለቀቀው ሰው ባነሰው ልክ ተሰፍሮለታል ማለት ነው። ለዕድገት ቀድሞ የከፈለ ሰው ከዕድገቱ ያነሰውን ድርሻ ከወሰደ፣ ሕጉ ቢፈጸምም ኅሊና ገና ጥያቄ አለው።

ደግሞም በገንዘብ የማይተመን ነገር አለ። ከጥቂት ጊዜ በፊት መንገዱን ከሚሻገሩት ድልድዮች ባንዱ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ጨዋታ ስንጀምር፣ የቀድሞ ማሳቸው ከአጥሩ ወዲያ ማዶ እንደ ነበረና ዛሬ ወደ ልጃቸው ቤት ለመሄድ ድልድዩን ዞረው እንደሚያልፉ ነገሩኝ። ስለ ካሳው ምንም አላነሡም። የከነከናቸው ሌላ ነገር ነበር፤ መሬቱ ሲለካ ከመጡት ሰዎች አንዱም ስማቸውን አልጠየቃቸውም። በዚያ አውራ ጎዳና እግረኛና ከብት አይገባም፤ ለደኅንነት ሲባል ይህ ትክክል ነው። ሆኖም ሽማግሌው መኪኖቹን ሲመለከቱ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ስም ለመጠየቅ የሚያስፈልግ በጀት የለም፤ አዋጅም አያሻውም። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና፣ በጠረጴዛዬ ላይ ካለፉት ወረቀቶች ስንቱን ቁጥሩን ብቻ አይቼ እንዳሳለፍሁ በልቤ ጠየቅሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ ለመንገዱ በሚደረገው ሥራ ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ እንደ ነበረ ይነገራል። መንገዱ ለጦር የተሠራ ስለ ሆነ የዛሬ ምሳሌ ሊሆነን አይችልም፤ ያዘዘ ሰው ሸክሙን በእጁ መመዘኑ ግን ምሳሌ ነው። በካርታ ላይ የተሰመረ መሥመር ከጠጕር ይቀጥናል፤ በምድር ላይ ግን አውድማ፣ ምንጭና መቃብር ይሆናል። ስለዚህ መሥመሩን የሚያሰምር ሰው ከማስመሩ በፊት በእግሩ ቢሄድበት፣ የሚያነሣውንም ሰው በስሙ ቢያውቀው፣ መንገዱ አይቀርም፤ ፍርዱ ግን ይቃናል።

በድሮ ዘመን ነጋዴ በኬላ ቀረጥ ከፍሎ ያልፍ ነበር። ዛሬም በቱሉ ዲምቱ መግቢያ መኪና ነጂው ካርድ ተቀብሎ ይገባል፤ ሲወጣ የሄደበትን ያህል ይከፍላል። ይህ ለመንገዱ የሚከፈል ዋጋ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው በማሳው፣ በጎረቤቱና በልማዱ የከፈለው ዋጋ አለ፤ ለዚያ ደረሰኝ አልተቈረጠለትም። እኛ በአንድ ሰዓት አዳማ ስንደርስ ያተረፍነው ጊዜ የዚያ ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳውን የምንከፍለው መንገዱን በመጥላት አይደለም። ባለሥልጣኑ ካሳውን በጊዜው በማድረስ፣ መምህሩ ይህን ለተማሪው በማስተማር፣ ነገ መሐንዲስ የሚሆነው ተማሪም ከመለኪያው አስቀድሞ ሰላምታውን በማቅረብ ይከፍለዋል።