እንግዳን መቀበል፣ እንግዳን መሸኘት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙዎቻችን የምንጠያየቀው ስለ ምግብ ነው። «ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? አንተ እስከ ስንት ሰዓት ትጾማለህ?» እንባባላለን። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲዘረዝር ስለ ዓሣም ስለ ሰዓትም አላነሣም። ለተራበ ከእንጀራ ማካፈልን፣ መጠጊያ ያጣውን ድሃ ወደ ቤት ማስገባትን ነው ያስተማረው። ማካፈሉን እንኳ እንደ አቅማችን እንሞክረዋለን፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳንቲም ሳንጥል አናልፍም። ወደ ቤት ማስገባት የሚለው ላይ ስንደርስ ግን እግራችን ይከብዳል። ሳንቲም ከእጅ ይወጣል እንጂ ቤት አይገባማ! እንግዳ ግን ቤት ይገባል፤ አልጋ ይሻል፤ ልብ ይነካል።

ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። የሰው አገር ልጅን፣ ያውም የተቸገረ ልጅን፣ ለአንድ ወር ወደ ቤት አስገብቶ አብልቶ፣ አልብሶ፣ አጫውቶ መልሶ መሸኘት ጽድቅ ነው ወይስ አሳይቶ መንሣት?

በሆሳዕና ዋዜማ የሆነው

ነገሩ ዝም ብሎ የታሰበ ምሳሌ አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1986) ለሊት፣ በዛሬዋ ዩክሬን በሚገኘው የቼርኖቢል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አራተኛው ክፍል ፈነዳ። ቀኑን ልብ በሉ። በዚያ ዓመት ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 26 ነበር፤ ስለዚህ አደጋው የደረሰው እኛም እነርሱም በጾም ላይ ሳለን፣ በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው። ያን ቀን የፕሪፕያት ከተማ ልጆች ምንም ሳያውቁ ውጭ ሲጫወቱ ዋሉ። በማግስቱ፣ በሆሳዕና እሑድ፣ ወደ 50,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአውቶቡስ ተጭኖ ወጣ። «ለሦስት ቀን የሚሆን ዕቃ ያዙ» ነበር የተባሉት። ከዚያ ወዲህ ግን ሊኖርባት ወደዚያች ከተማ የተመለሰ የለም።

ጨረሩ ድንበር አያውቅም። ነፋስና ዝናብ ወሰደው፤ ከሁሉ የከፋውን ጎረቤቷ ቤላሩስ ተቀበለች። ሣሩ ላይ ወረደ፣ ላሟ ሣሩን ጋጠች፣ ሕፃኑ ወተቱን ጠጣ። በወተቱ ውስጥ የገባው አዮዲን አንገት ላይ ባለው የእንቅርት ዕጢ ይከማቻል። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ኮሚቴ እንደመዘገበው፣ በአደጋው ጊዜ ልጆች ከነበሩት መካከል እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ6,000 በላይ ሰዎች የዚህ ዕጢ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አብዛኞቹ በሕክምና ድነዋል። አዮዲኑ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ሲዚየም የሚባለው ግን ግማሹ እስኪጠፋ እንኳ 30 ዓመት ይፈጃል። ከአፈሩ ወደ እንጉዳዩ፣ ከእንጉዳዩ ወደ ድሃው ገበታ ይመጣል። ሀብታም ከሱቅ ይገዛል፤ ድሃ ምን ምርጫ አለው? ከጫካው ለቅሞ ይበላል።

በራቸውን የከፈቱ ሰዎች

ይህን ጊዜ ነው በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች «ልጆቹን ላኩልን» ያሉት። የልጅ ሰውነት ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ሲዚየሙን ያስወጣልና፣ አንድ ወር እንኳ ንጹሕ ምግብ ቢበላ፣ ንጹሕ አየር ቢተነፍስ ይጠቅመዋል ብለው ነው። በአየርላንድ አዲ ሮሽ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1991 ባቋቋመችው የቼርኖቢል ሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ባለፉት ዓመታት ከ25,000 በላይ ልጆች መጥተው አርፈዋል። ጣሊያን፣ ጀርመን፣ ስፔን፣ ሌሎችም ተቀብለዋል። ተቀባዮቹ ባለጠጎች ብቻ አልነበሩም። አስተማሪው፣ ሹፌሩ፣ ገበሬው ናቸው። ልጁ ቋንቋቸውን አያውቅ፣ እነርሱ ቋንቋውን አያውቁ፤ በእጅ ምልክትና በፈገግታ ነው የሚግባቡት።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የኩባ ነው። ይህች ትንሽ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2011 ድረስ በሐቫና አጠገብ ታራራ በተባለ የባሕር ዳር ስፍራ ከ20,000 በላይ የቼርኖቢል ልጆችን ተቀብላ አክማለች። ያን ጊዜ እኮ ሶቪየት ኅብረት ወድቃ፣ ኩባ ራሷ ነዳጅና ዳቦ የቸገራት ጊዜ ነበር! የእኛንም የጦር ሜዳ ወላጅ አልባ ልጆች ቀደም ባሉት ዓመታት ተቀብላ ያስተማረች አገር መሆኗን የሚያስታውሱ ያስታውሳሉ። ይህን ስሰማ የሰራፕታዋ መበለት ትዝ ትለኛለች (1ኛ ነገ. 17)። ኤልያስን የተቀበለችው ከተትረፈረፈ ጎተራ አይደለም፤ ከአንድ እፍኝ ዱቄት ነው። እኛ «ሲሞላልኝ እቀበላለሁ» እንላለን። የማን ቤት ነው ሞልቶ የሚያውቀው?

አሳይቶ መንሣት አይሆንም ወይ?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። አንዳንዱ ልጅ የመጣው ከሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ነገ ዳቦ መኖሩን እርግጠኛ ያልሆነ ልጅ ዳቦውን ትራሱ ሥር ይደብቃል። ቀስ በቀስ መደበቁን ይተዋል፤ ሳቅ ይጀምራል፤ ሴትዮዋን «እማማ» ይላል። ይህን ጊዜ ወሩ ያልቃል። ሻንጣው በስጦታ ተሞልቶ ልጁ ወደ አውሮፕላን ይገባል። ወደዚያው ወተት፣ ወደዚያው እንጉዳይ፣ ወደዚያው ማሳደጊያ።

«ታዲያ ባያየው አይሻልም ነበር?» የሚሉ አሉ። «ለአውሮፕላን የወጣው ገንዘብ እዚያው አገሩ ለስንቱ ልጅ ንጹሕ ምግብ ይገዛ ነበር!» የሚሉም አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ጥያቄያቸውም የዋዛ አይደለም። መልስ ይገባዋል።

መለየቱን ያልቻሉ ተቀባዮችም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. መግቢያ ላይ (እ.ኤ.አ. 2006) በጣሊያን አንድ ባልና ሚስት ከቤላሩስ ማሳደጊያ መጥታ የነበረችን የ10 ዓመት ልጅ «እዚያ በደል ይደርስባታል፤ አንመልስም» ብለው ደበቋት። የሁለት መንግሥታት ጉዳይ ሆነ፤ በመጨረሻ ተገኝታ ተመለሰች። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ታዳጊ ከአሜሪካ አልመለስም ስትል፣ የቤላሩስ መንግሥት «መመለሳቸው በመንግሥታት መካከል በሚፈረም ውል ካልተረጋገጠ ልጆች አይወጡም» አለ። ብዙ ልጆችም በር ተዘጋባቸው።

በእነዚያ ባልና ሚስት ላይ መፍረድ ለእኔ ይከብደኛል። ልጅ «አትመልሱኝ» ብላ ስታለቅስ የማይጨነቅ ማነው? በደል አለ ከተባለም ዝም ብሎ መሸኘት ኃጢአት ነው፤ ለዳኛ፣ ለሐኪም፣ ለሚመለከተው ሁሉ መጮኽ ይገባል። ነገር ግን ፍቅር ብለን የምንጠራው ነገር ሁሉ ፍቅር ብቻ አይደለም። ከውስጡ «የእኔ ትሁን» የሚል ነገር ሊደባለቅበት ይችላል። እንግዳ ደግሞ አደራ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ግብፅ ሕፃኑን አላስቀረችም

ጌታችን ራሱ በሕፃንነቱ የሰው አገር እንግዳ ሆኗል። ሄሮድስ ሲያሳድደው እናቱ ድንግል ማርያም ይዛው ወደ ግብፅ ተሰደደች። በመጨረሻ ለዮሴፍ «ተመለስ» የሚል ትእዛዝ መጣለት፤ ተነሥተውም ሄዱ። ግብፅ «እኔ ያሳደግሁት ነው» ብላ አላስቀረችውም። እስከ ዛሬ ድረስ ግን የግብፅ ክርስቲያኖች ያረፈበትን ዛፍ፣ የጠጣበትን ምንጭ ያከብራሉ። እንግዳው ሄደ፤ በረከቱ ቀረ።

ልብ ያለው ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል። መልአኩ ዮሴፍን የመለሰው ሕፃኑን የሚሹት ከሞቱ በኋላ ነው (ማቴ. 2)። ለቼርኖቢል ልጆች ሄሮድሳቸው አልሞተም። አፈሩ ውስጥ ነው ያለው። እንግዲህ «ተቀበልኩ፣ ሸኘሁ፣ ጨረስኩ» ማለት አይቻልም። ልጁን እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ የሸኘ ሰው ግማሽ መንገድ ነው የሸኘው።

ከተቀባዮቹ ብዙዎች ይህ ገብቷቸዋል። የአየርላንዱ ድርጅት ልጆችን በማሳረፍ አልቆመም። በቤላሩስ ለወላጅ አልባ ልጆች ከማሳደጊያ ወጥተው በቤተሰብ መካከል የሚያድጉባቸውን ቤቶች ገዛ፤ በዩክሬንም ልባቸው ለታመመ ልጆች የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን ላከ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፣ በ2022 ደግሞ ጦርነቱ የልጆቹን ጉዞ ሲያቋርጠው፣ ቀድሞ እዚያው አገር የተሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታየ። እንዲህ ስናይ «ገንዘቡ እዚያው ቢውል አይሻልም ወይ» ለሚሉት መልሱ ከሥራው ይገኛል። አንዱ ሌላውን ወለደው እኮ! ልጁ አንድ ወር ከገበታቸው ባይቀመጥ ኖሮ፣ ስሙን ባያውቁት፣ ዳቦ ሲደብቅ ባያዩት ኖሮ ለማያውቁት አገር ማን ይጨነቅ ነበር? ዓይን ያላየውን ልብ ቶሎ ይረሳል።

ለልጁስ? ወሩ ያልቃል፤ ነገር ግን ያለቀ ሁሉ ከንቱ አይደለም። የቆሎ ተማሪን አስቡ። በልጅነቴ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ሲመጡ እናቴ ውሻውን አስይዛ ትወጣ ነበር። እንጀራውን ስትሰጥ የልጁን ስምና አገሩን ትጠይቀዋለች። «እናትህ በሕይወት አለች?» ትለዋለች። ልጁ ሄዶ ምናልባት ዳግመኛ አይመጣም። «የማታውቂውን ልጅ ይህን ያህል ምን አስጠየቀሽ?» ስላት «እንጀራው ማታ ያልቃል፤ የጠየቀው ሰው እንዳለ ግን ይዞት ያድራል» አለችኝ። አንድ ሰው በዓለም ላይ እንደ ወደደው የሚያውቅ ልጅ ለመንገዱ ስንቅ አለው። በልቶ የሚጨርሰው ስንቅ አይደለም።

የእኛስ ቤት?

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ ያወራነው ፈረንጅን ለማመስገን አይደለም። የአብርሃም ልጆች ነን እንላለን፤ አብርሃም እንግዳ ሳይቀበል እህል አይቀምስም ነበር እያልን እንተርካለን። የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ሲጣራ «ቤት ለእንግዳ» ብለን ያደግን ነን። መልካም ነው። ግን እስቲ ዛሬ ወደየማድ ቤታችን እንመልከት።

በስንቶቻችን ቤት ነው «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ያለችው? ለእናቷ ምን ብለን ነበር የተቀበልናት? ዛሬ ከማን ጋር ነው የምትበላው? ልጆቻችን ሲያጠኑ እርሷ ምን እየሠራች ነው? የማታ ትምህርት ቤት የምትሄደው ዕቃው ሁሉ ታጥቦ ካለቀ በኋላ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ተሞልቶ አይደለም ወይ? ሰው ሲጠይቀን «ልጄ ናት» እንላለን፤ ቤት ስንገባ «አንቺ!» ብለን እንጠራታለን። ጣሊያናዊው ለእንግዳው ልጅ ከመጠን በላይ አዘነ ብለን ጠየቅነው፤ እኛ ምን ብለን እንጠየቅ ይሆን?

የሱነም ሴት ለኤልሳዕ ያዘጋጀችለትን አስታውሱ (2ኛ ነገ. 4)። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መቅረዝ። አራት ነገር ብቻ ነው። ነቢዩ ሲያልፍ ይገባል፣ ያርፋል፣ ይሄዳል፤ እርሷም «ቅርልኝ» አላለችውም፤ ዋጋም አልጠየቀችም። እስቲ በዚህ አራት ነገር ቤታችንን እንለካ። ያች ልጅ የራሷ መኝታ አላት ወይስ የማድ ቤት ወለል ላይ ነው የምታድረው? ከገበታው ቦታ አላት? የምትቀመጥበትስ? የምታጠናበት መብራት አላት? ይህ ከሌለ እንግዳ አልተቀበልንም፤ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ነው የቀጠርን።

አንድ ቀን ደግሞ መሸኘት ይመጣል። ወይ ተምራ ሥራ ትይዛለች፣ ወይ ትዳር ትመሠርታለች፣ ወይ አገሯ ትገባለች። ያን ቀን «አሳድጌያት ከዳችኝ» የምንል ከሆነ ያሳደግናት ለራሳችን ነበር ማለት ነው። «ከመጣችበት ቀን ይልቅ በርትታ ሄደች» ብለን እግዚአብሔርን የምናመሰግን ከሆነ ግን አደራችንን በደኅና መልሰናል። የእንግዳ ተቀባይ ልብ በመቀበያው ቀን አይታወቅም፤ በመቀበያው ቀንማ ሁሉም ፈገግ ይላል። የሚታወቀው በመሸኛው ቀን ነው።

ጾምም የሚያስተምረን ይህንኑ አይደለምን? የምንወደውን ከፊታችን አስቀምጠን እጃችንን መሰብሰብ፣ ያለንን የራሳችን ብቻ አድርገን አለመያዝ። ጌታችን በመጨረሻው ቀን እንግዳ ሆኖ ስለ መምጣቱ ይጠይቀናል (ማቴ. 25)። በምን መልክ እንደሚመጣ ደግሞ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ከሁሉ በሚያንሰው መልክ ነው። ምናልባት በዚህ ጾም የመጣው እንግዳ ከሩቅ አገር አልመጣም፤ አሁን ከማድ ቤታችን ዕቃ እያጠበ ነው።

እግዚአብሔር የተቀበልነውን በፍቅር እንድናኖር፣ በደኅናም እንድንሸኝ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።