ከፍሎ የበላ ሰው ፍርድ

ሰው በዘመድ ቤት ተጋብዞ የበላውን ምግብ አይነቅፍም። ወጡ ጨው ቢበዛበት፥ እንጀራው ቢኮመጥጥ፥ አመስግኖና መርቆ ይነሣል እንጂ ጉድለቱን በደጅ አያወራም፤ ቢያወራ ነውረኛ ይባላል። ነገር ግን ያው ሰው በምግብ ቤት ከፍሎ ከበላ በኋላ ስለ በላው ነገር ለመንገደኛው ሁሉ ቢናገር ነውር አይሆንበትም። እንግዲህ ገንዘብ መክፈል የፈለጉትን ለመናገር መብት ይሰጣልን? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ከባድ መሆኑን ከራሴ ስሕተት ስለ ተማርሁ ለአንባቢ ላካፍለው ወደድሁ።

ምግብ አብስሎ ለመንገደኛ መሸጥ በአገራችን እጅግ የቆየ ልማድ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ፥ እንጀራን በዋጋ መብላት ብዙ ሰው ያሳፍር እንደ ነበር ይነገራል። ዛሬ ግን በእኛ በቆቦ እንኳ፥ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፥ ምግብ ቤት በምግብ ቤት ላይ ይከፈታል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ብዙ ደጆች ተዘግተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንዱ በፍየል ጥብስ፥ ሌላዋ በአንድ ምጣድና በሁለት አግዳሚ ወንበር ኑሮውን እንደ ገና ጀምሯል።

እኔም ከማስተማር ሥራዬ በጡረታ ከተገለልሁ በኋላ፥ ብቻዬን የምኖር ስለ ሆንሁ፥ ምሳዬን በየምግብ ቤቱ እየተዘዋወርሁ እበላ ነበር። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ሰዎች ያየሁትን ሁሉ በደብተር መጻፍን አስለምደውኝ ስለ ነበር፥ የበላሁትንም መጻፍ ጀመርሁ። ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ደብተሬን አይቶ «መምህር፥ ይህ ለመንገደኛ ይጠቅማል» አለኝና በስልኩ ለብዙ ሰው አሠራጨው። ሰዎች በመንገድ እያስቆሙ «የትኛው ቤት ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁኝ ደስ ይለኝ እንደ ነበር አልሸሽግም።

በዚያ ደብተር ስለ አንዲት ሴት ቤት የጻፍሁት «እንጀራዋ ደረቅ፥ ሽሮዋ ቀጭን ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ይህም ሐሰት አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በደጇ ይቆሙ የነበሩት የጭነት መኪናዎች አልፈው ሲሄዱ አየሁና ልቤ ስላልረጋ ገባሁ። ከአግዳሚዎቹ አንደኛው ባዶ ነበር። ሴትዮዋም ቡና እያቀረበችልኝ «መምህር፥ የጻፉት እውነት ነው፤ አልዋሹም። ግን ያን ዕለት ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩን ስመረምር እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። በራያ ቆላ ገበሬው ማሽላውን በሚያዝያ ይዘራል፤ ዝናቡ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ይዘራል። የምግብ ቤት እንጀራ መልክም የዝናቡንና የገበያውን መልክ ይከተላል። ያን ጊዜ ጤፍ ተወዶ ነበርና ሴትዮዋ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ማሽላ መቀላቀልን መረጠች፤ ምክንያቱም ደንበኞቿ የቀን ሠራተኞችና የመኪና ረዳቶች ነበሩ። የማሽላ እንጀራ ደግሞ ትኩሱን ለስላሳ ቢሆንም ከጤፍ እንጀራ ቶሎ ይደርቃል። እኔም የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ፥ ያውም በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን፥ የከፈልሁትን ዋጋ በደብተሬ አለመጻፌ ነው፤ ዋጋው ከጎረቤቷ ግማሽ ያህል ነበር። ስለዚህ የጻፍሁት እውነት ነበረ፤ ግማሹ ግን ተቆርጦ ቀርቶ ነበር።

ታዲያ ዝም ማለት ይሻላልን? አይሻልም። የተበላሸ ሥጋ የሚያቀርበውን፥ ሰሃኑን በቆሸሸ ውሃ የሚያጥበውን፥ ለእንግዳ ሌላ ዋጋ የሚጠራውን አውቆ ዝም ያለ ሰው፥ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረውን ሾፌር ይበድለዋል። መንገደኛ የሚመራው ይፈልጋል። ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ የጎማ ፋብሪካም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ለባለ መኪናዎች መምሪያ መጽሐፍ ማሳተም የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በኋላም በ1926 ዓ.ም. ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ሳይገልጡ ገብተው፥ ሒሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። እኔ ግን ደመወዝና ደንብ ካለው መርማሪ ይልቅ፥ ደንብ የሌለው ሰው የበለጠ መጠንቀቅ እንዳለበት አላሰብሁም ነበር።

አሁን ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ይህ ነው። ጉድለቱ ከባለቤቱ ስንፍና ወይም ክፋት የመጣ እንደ ሆነ፥ ይኸውም ቆሻሻና ማታለል ሲሆን፥ ለሰው መናገር ይገባል። ከድህነት ወይም ከዘመኑ ክፋት የመጣ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ለባለቤቱ ብቻ መንገር፥ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሄዶ ማየት፥ ከተጻፈም ዋጋውንና ሰዓቱን አብሮ መጻፍ ይገባል።

ስለዚያች ሴት ቤት እንደ ገና ጻፍሁ፤ ወጣቱም አሠራጨው። ከመኪናዎቹ ጥቂቶቹ ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና። እኔም ዛሬ ምሳዬን በስድስት ሰዓት፥ እንጀራዋ ሳይደርቅ፥ ከዚያው ቤት እበላለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የከፈልኸው ገንዘብ የምግቡ ዋጋ ነው እንጂ የሴትዮዋ ስም ዋጋ አይደለም። ምግቡን በልተህ ትጨርሰዋለህ፤ ስለ እርስዋ የተናገርኸው ቃል ግን አንተ ከሄድህ በኋላም በደጇ ቆሞ ይቀራል።