ቁልፉ ዞሮ ነበር

አንዲት ባልቴት ነበሩ አሉ። ሁለት ልጆች ወልደው አሳድገው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት ጓዳ ቆልፈው የኖሩ። በጓዳዋ ውስጥ ወርቅ አለ የሚልም ነበር፣ የቤቱ ካርታ ነው የሚልም ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ታላቅየው ልጃቸው ከሐዋሳ መጣ፤ እዚያ ነጋዴ ነው። ታናሽ እህቱ ግን እናቷን ስታስታምም ኖራ የትም አልሄደችም። ዐርባቸው ወጥቶ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሲበተን የጓዳዋ ቁልፍ ወንድምየው ኪስ ውስጥ ነበር። እንዴት እንደገባ እሷ አልጠየቀችም፣ እሱም አልነገራትም።

በማግስቱ እህቲቱ ቅዳሴ ላይ ሳለች ወንድምየው ወደ ጓዳዋ ሄደ። ቁልፉን ከተተው። ሊያዞረው ሲል ትንሽ ሄደለትና ቆመ። ጠበቅ አድርጎ ሲጠመዝዘው ቀጭ አለና ራሱ እጁ ላይ፣ ጥርሱ በሩ ውስጥ ቀረ።

እንዲህ ያለ ነገር ግቢ ውስጥ አይደበቅም። ምክር በነጻ ነውና ጎረቤት ሁሉ መጣ። አንዷ የምግብ ዘይት ይዘው መጥተው አፈሰሱበት። ዘይት ለጊዜው ያላላ ይመስላል እንጂ ውሎ ሲያድር አቧራውን ሰብስቦ ሙጫ ይሆናል። አንድ ጎረምሳ ምስማር ሰድዶ ስባሪውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ገፋው። ሌላው ሱፐር ግሉ የተቀባ እንጨት ይዞ ሲቀርብ፣ እግዜር ይስጣት፣ እህቲቱ ከቤተ ክርስቲያን ደረሰችና እጁን ያዘችው። ሙጫው ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የቁልፉ ነገር እዚያው ባበቃ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ መዶሻ አስመጡ። "የእናቴን በር ማንም አይሰብርም" አለችና ከመርካቶ ቁልፍ ቀራጭ አስጠራች።

ቁልፍ ቀራጩ ሽማግሌ ናቸው። ዱካ ላይ ተቀምጠው የእጅ ባትሪ አበሩና፣ መሣሪያቸውን ሳያወጡ፣ "ሲሰበር ማን ነበር የያዘው?" አሉ።

"እኔ ነኝ አባባ" አለ ወንድምየው።

"ዞሮ ነበር ወይስ ገና ስታስገባው ነው?"

እህቱ አጠገቡ ቆማለች። "ገና ሳስገባው ነው። አላዞርኩትም።"

ይህን ተረት ጥንታዊ ነው ብለው የሚነግሩ ሰዎች አሉ፤ ቁልፉ ግን ያጋልጣቸዋል። እርግጥ የጥንት ግብፆችም በእንጨት ፒን የሚሠራ ቁልፍ ነበራቸው። ሽማግሌው የሚያበሩበት ግን አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ልጁ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 ፓተንት ያወጣበት፣ ጠፍጣፋ ቁልፍ የሚገባበት ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ትናንሽ ፒኖች ሁለት ሁለት ሆነው ተደራርበዋል። ልኩ የሆነ ቁልፍ ሲገባ የጥንዶቹ መጋጠሚያ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይሰለፍና ሲሊንደሩ ይዞራል። ጥቂት እንኳ ከዞረ ግን የላይኞቹ ፒኖች ውጭ ይቀራሉ፣ የታችኞቹ የቁልፉ ጥርስ መሀል እንደተቀመጡ ይታሰራሉ። ሽቅብ መውጫ የላቸውምና ቁልፉን አይለቁትም። ስባሪውን ለማውጣት መጀመሪያ በገባበት አቅጣጫ መልሶ ማቆም ግድ ነው። ስለዚህ የሽማግሌው ጥያቄ የወሬ ጥያቄ አልነበረም።

በረንዳው ጨለማ ነው፤ የዞረውም ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ሽማግሌው የተነገራቸውን አምነው፣ ከሴጌቶ ምላጭ በሞረድ ያቀጠኗትን ስለት ጥርሷን ወደ ውጭ አድርገው በስባሪው ጎን ሰደዷት። ስለቷ የቁልፉን ጥርስ ነከሰች። ሳብ አደረጓት፤ ምንም የለም። ደግመው ሳቧት። በሦስተኛው ስለቷ ጫፏ ላይ እንክት አለች።

ሽማግሌው የተሰበረችውን ስለት ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ዝም አሉ። ቆይተው፣ "ልጄ፣ አንተ የነገርከኝና ይሄ በር የሚነግረኝ አልገጠመም" አሉ።

ወንድምየው ወደ እህቱ አላየም። "ዞሮ ነበር" አለ። "ትንሽ።"

"ወዴት?"

"ወደ ቀኝ።"

"እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ" አለች እህቱ። መልስ አልሰጣትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ሽማግሌው ቀጭን ካቻቢቴ አውጥተው ሲሊንደሩን ወደ ግራ ሊመልሱት ሞከሩ። እምቢ አለ። መወርወሪያውን አንድ ነገር ጨምድዶ ይዞታል። ይሄኔ ነው እህቲቱ ቀረብ ያለችው።

"በሩ ወርዷል አባባ። የላይኛው ማጠፊያ ከላላ ቆይቷል። እማዬ ስትከፍትም ስትዘጋም በትከሻዋ ከፍ አድርጋ ነው፤ ካልሆነ አይዞርም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ወንድሟ።

"መቼ ጠየቅኸኝ ወንድም ጋሼ?"

እኔ ከተረቱ ሁሉ የምወዳት ቦታ ይቺ ናት። ብዙ ሰው ውሸቱ ላይ ያተኩራል፤ ቁልፉን የሰበረው ግን ውሸት አይደለም፣ ከውሸቱ በፊት የነበረው ዝምታ ነው። አንድ ቃል ጠይቆ ቢሆን ጓዳዋ ያለ ግርግር በተከፈተች።

የሚገፋበትን ቦታ አሳየችው፤ ቀለሙ በእናታቸው ትከሻ ተፍቆ ጣውላው የወጣበት፣ ከእጀታው በላይ ያለ ቦታ ነው። ለወንድምየው ዝቅ ያለ ነው። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን አስጠግቶ በሩን አነሳ። "ትንሽ ጨምር" አለችው። ጨመረ። ሽማግሌው ካቻቢቴዋን ሲነኳት ሲሊንደሩ ያለ ድምፅ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዘይቱን በጨርቅ ጠርገው፣ እርሳስ በምላጭ ፍቀው ዱቄቱን እፍ አሉበት፣ ሌላ ስለት ሰደዱ። ስባሪው አንድ ጊዜ ተንገራገጨና ተከትሏት ወጣ።

ጓዳዋ ውስጥ ምን እንደተገኘ ተረት ነጋሪዎቹ አይስማሙም። አንዳንዶቹ ካርታው ሙዳይ ውስጥ ነበር ይላሉ። ሌሎቹ ከረከቦትና ከአሮጌ ሰፌድ በቀር ምንም አልነበረም ይላሉ። በዚያች ቀን ግን አልተከፈተችም፤ ሽማግሌው አልከፍትም ብለዋልና። ሁለቱን ስባሪዎች መዳፋቸው ላይ ገጣጥመው አገላብጠው አዩ።

"ይሄ ከቅጂ የተቀረጸ ቅጂ ነው፤ ጥርሱም አልቋል። በዚህ ልክ ሌላ ብቀርጽላችሁ ስህተቱን ነው የምቀርጽላችሁ። ሲሊንደሩን ፈትቼ ከፒኖቹ ልክ እወስዳለሁ። እሱም በሩ ከተቃና በኋላ ነው። መጀመሪያ አናጢ ጥሩና ማጠፊያውን አስጠብቁ።"

"ስንት ቁልፍ ነው የሚቀርጹልን?" አለች እህቲቱ።

"እሱን ማጠፊያው ሲጠብቅ ሁለታችሁም ባላችሁበት ትነግሩኛላችሁ።"

ወንድምየው ቦርሳውን አወጣ። እህቲቱም የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሽማግሌው ካንዱ ይቅርብኝ አላሉም።

"የሥራዬን እኩል ክፈሉኝ" አሉ። ከዚያ የተሰበረችውን ስለት ከጉልበታቸው አንስተው ለወንድምየው ሰጡት። "የዚችን ግን አንተ።"

ወንድምየው ዋጋዋን ጠየቀ። ነገሩት። ነጋዴ ሆኖ ሳለ አልተከራከረም።