አገጭ ላይ የወረደ ማስክ

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር የሰፈራችን ሰው ሁሉ እጁን ሲታጠብ ይውል ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ማስኩ አገጭ ላይ ወረደ። ታክሲ ውስጥ “ማስክህን ከፍ አድርገው” ያልኩት ሰውዬ “ብሞትም እኔ ነኝ” ሲለኝ ጮህኩበት። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ በንዴት “እርስዎ” ማለቱን ትቼ “አንተ” አልኩት።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ቫይረስን የማስበው እንደ ግልበጣ ነው። ቫይረስ ሲባዛ ራሱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ይሳሳታል። ኮሮና ስህተቱን የሚያርምበት ኢንዛይም አለው፤ እንደዚያም ሆኖ በሚሊዮኖች ሰውነት ውስጥ ሲገለበጥ እነ ዴልታና ኦሚክሮን መጡ። ኤች አይ ቪ ደግሞ አራሚም የለውም። መድኃኒት ሲቋረጥ ደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፣ ቫይረሱ እንደገና መባዛት ይጀምራል። ከስህተቶቹ አንዱ መድኃኒቱን የሚያስቋቁም ከሆነ ያ ቅጂ ይተርፋል፣ ይበዛል፣ ወደ ሌላ ሰውም ሊተላለፍ ይችላል። “ብሞትም እኔ ነኝ” የሚለው ሒሳብ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። ሰውነታችን የግላችን ነው፤ ውስጡ የሚገለበጠው ነገር ግን የግላችን ሆኖ አይቀርም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አሁን የማላወራውን ላውራ።

አክስቴ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ትወስዳለች፤ እንድጽፈው የፈቀደችልኝም እሷ ናት። በዚያው ክረምት ሰው የሚበዛበት ቦታ መሄድ ስለፈራች መድኃኒቷን የማመጣላት እኔ ነበርኩ። አንዴ የሥራ ማስረከቢያ ደረሰብኝና “ነገ፣ ነገ” እያልኩ ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት አሳደርኳት። አልወቀሰችኝም። “ሥራ በዝቶበት ነው” ብላ ዝም አለች።

በቀጣዩ ምርመራ የቫይረሷ መጠን አልጨመረም። እፎይ አልኩ። በኋላ ግን ያ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ምናልባት እሱም ማንንም ሳያሲዝ ቤቱ ገብቷል። እሱ ባያውቅ ነው እንበል፤ እኔ ግን እያወቅኩ ነው። ሁለታችንንም ያወጣን ዕድል ነው፤ ዕድል ደግሞ ሰውን ጥሩ አያደርግም።

ታዲያ መናደዴ ስህተት ነበር? አይመስለኝም። ማስኩን ማድረግ ነበረበት። የተሳሳትኩት የሱን ቸልተኝነት ንቀት፣ የኔን ደግሞ “ሥራ በዝቶ” ብዬ መጥራቴ ላይ ነው። ቸልተኝነት ከውጭ ሲያዩት ንቀት ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ድምፁ “ነገ” ነው።

አሁን የአክስቴ መድኃኒት ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ስልኬ ይጮሃል። ሰውዬውን ግን ስለዚያ “አንተ” ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ የለኝም።